በተሽከርካሪ ላይ የሚደረግ ለውጥና መድን ሰጪውን የማሳወቅ ግዴታ

የተሽከርካሪ መድን፣ በዕለት ተዕለት አነጋገር የመኪና ኢንሹራንስ የሚባለው፣ የሚገባው ለመኪና በጥቅሉ ሳይሆን በውሉ ሰነድ ላይ ተለይቶ ለተገለጸ አንድ መኪና ነው። በሰነዱ ላይ የተሽከርካሪው ዓይነትና ሞዴል፣ የተሠራበት ዘመን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ የወንበሩ ብዛት ወይም የመጫን አቅሙ፣ የሚሰጠው አገልግሎትና የተገመተው ዋጋ የሚሰፍር ሲሆን፣ መድን ገቢው በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ማለትም አረቦኑ፣ የሚሰላው በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሌላ ሞተር ቢገጠምለት፣ ስፖንዳው ከፍ ቢደረግ፣ ወንበር ቢጨመርበት ወይም የቤት መኪና የነበረው ለኪራይ ሥራ ቢሰማራ፣ መድን ሰጪው ያልመዘነውንና ዋጋ ያላወጣለትን ሥጋት ሳያውቅ ተሸክሞ ይቆያል። ጉዳዩ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ አደጋ ከደረሰና የኩባንያው ጉዳት ገማች የተጎዳውን መኪና ከውሉ ሰነድ ጋር ማመሳከር ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ለባለንብረቱ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ቀድሞ ቢነሱ ኖሮ በአንድ ደብዳቤና በመጠነኛ ተጨማሪ አረቦን ሊዘጉ ይችሉ የነበሩ ናቸው።

ይህ ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻ ከሌላው ቦታ ይልቅ ክብደት የሚኖረው ከመልክዓ ምድሩ የተነሣ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርሷ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ ትገኛለች፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድም ይህን የከፍታ ልዩነት በሐረጎ ዳገት ላይ እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የሚነሣው መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር ስለሚወጣ፣ ከተማዋ ደረቅ ወደብ፣ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ከ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት የጭነት መናኸሪያ ናት። ስለዚህ አንድ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ የአፋርን ቆላ ሙቀትና የደሴን ደጋ ብርድ፣ ረጅሙን ሜዳና ጥምዝምዙን ቁልቁለት ሊያይ ይችላል። ባለንብረቶች መኪናቸውን ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ ወደ ሌላ ለመቀየር የሚገፋፉትም ሥራው ራሱ ስለሚጠይቃቸው ነው፤ የአካባቢውን የለውጥ ልማድ እንደ ቅብጠት የሚመለከት ሰው ጉዳዩን ከመነሻው ስቶታል።

የሐረጎን ቁልቁለት በቁጥር መመልከት የመድን ሰጪውን ሥጋት በግልጽ ያሳያል። ጠቅላላ ክብደቱ 15 ቶን የሆነ መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ክብደቱ በመሬት ስበትና በከፍታው ተባዝቶ ሲሰላ፣ ወደ 88 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህም በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ 290 ሊትር ገደማ ውኃ በደሴ ከፍታ እስኪፈላ ድረስ ሊያሞቅ የሚችል ጉልበት ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን የንፋሱ ግፊትና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ከወረደ ሞተሩ ራሱ ብዙውን ይሸከመዋል፤ የቀረው ግን በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩን ይዞ በተፋተገ ቁጥር ብረቱ ይግላል፣ የጋለ ብረት ደግሞ ስለሚሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ሸራውም ከተወሰነ ሙቀት በላይ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሾፌሮች ፍሬኑ እምቢ አለ የሚሉት ሁኔታ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ከ15 ቶን ወደ 20 ቶን ከፍ ሲል የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 118 ሚሊዮን ጁል ያድጋል፣ ፍሬኑ ግን ያው የ15 ቶኑ ፍሬን ነው።

አምስት ቶን በመኪና ላይ የሚጨመረው ደግሞ እንዲሁ አይደለም። መጀመሪያ የሚነካው ባሌስትራው ነው። ባሌስትራ የተባለው በአክሱሉና በሻንሲው መካከል ተደራርበው የታሠሩ ጠፍጣፋ የብረት ቅጠሎች ስብስብ ሲሆን፣ ፋብሪካው የቅጠሎቹን ብዛትና ውፍረት የሚወስነው መኪናው እንዲሸከም በታሰበው ክብደት ልክ ነው። ጋራዡ የማሠሪያውን ብሎን ፈትቶ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ሲጨምርበት መኪናው በጭነት አይጎብጥም፣ ከውጭ ሲታይም ያልተጫነበት ይመስላል። ነገር ግን የተጠናከረው ባሌስትራው ብቻ ነው፤ ሻንሲው፣ አክሱሉ፣ ጎማው፣ መሪውና ፍሬኑ እንደነበሩ ናቸው። እንዲያውም ቀድሞ የባሌስትራው መጎበጥ ለሾፌሩ ጭነቱ እንደበዛ ይነግረው ነበር፤ አሁን ያ ምልክት ጠፍቷል። ቀጥሎ ስፖንዳው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ የጎን ግድግዳ፣ ብረት ተበይዶለት ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ ወደ ላይ ስለሚቆለል የመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍ ይልና በኩርባ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ወደ ቆላው ለሚወርዱ መኪኖች ተጨማሪ ሰልባትዮ፣ ማለትም የነዳጅ ታንክ፣ የሚገጠምበት ጊዜም አለ፤ ይህ ከክብደቱ ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው በቃጠሎ ሥጋቱ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ብየዳ የተሠራ ታንክና ያለ መከላከያ ከሥር የተንጠለጠለ ቧንቧ በግጭት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

የሞተር ኃይልን ለመጨመር የሚደረገው ለውጥም የራሱ የአካባቢ ምክንያት አለው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ማለትም አየርን በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ ያልተገጠመለት ሞተር በዚያ ከፍታ ከኃይሉ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ በኮምቦልቻ የሚያጣው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭኖ የሚወጣ መኪና እየደከመ መሄዱ ሞተሩ ስላረጀ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህን ለማካካስ የነዳጅ ፖምፓው ብዙ ናፍጣ እንዲረጭ ይስተካከላል፣ ቱርቦ ይጨመራል ወይም ሞተሩ በሌላ ትልቅ ሞተር ይተካል። ፖምፓውን መክፈት ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ ስላልሆነ ትርፉ ጥቁር ጭስና ከልክ ያለፈ የሞተር ሙቀት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አደገኛው ለውጥ ከጭስ ማውጫው ጋር የተያያዘው ነው። በብዙ የናፍጣ የጭነት መኪኖች ላይ ጭሱን በማፈን ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ ረዳት ፍሬን በጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ ይመጣል፤ ሲበላሽ ከመጠገን ይልቅ ነቅሎ በባዶ ቱቦ መተካት የሚመርጡ አሉ። እንዲህ የተደረገ መኪና በሜዳ ላይ ምንም ልዩነት አያሳይም፤ በሐረጎ ቁልቁለት ግን ሾፌሩ ከሁለቱ መያዣዎቹ አንዱን አጥቶ ነው የሚወርደው።

በሕዝብ ማመላለሻ በኩል ዋናው ለውጥ ወንበር ነው። በሚኒባስ ላይ አግዳሚ ወይም ተጣጣፊ ወንበር ሲጨመር በውሉ ላይ የሰፈረው የተሳፋሪ ቁጥር እውነትነቱን ያጣል፤ በፖርቶመጋላው፣ ማለትም በጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ የሚቆለለው ጭነት ደግሞ ከስፖንዳው ጋር ተመሳሳይ ውጤት አለው። በባጃጅ ላይ የሚበየደው የብረት በርና መከላከያ፣ በፒክ አፕ ላይ የሚገጠመው ሸራ ወይም ቤት፣ ከፋብሪካው ልክ በላይ የሆነ ቸርኬና ጎማ፣ የመስታወት ጥቁር ላስቲክ፣ ተጨማሪ ፓውዛና የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉም እንደየመጠናቸው የሚነገሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራው በትንሹ መታየት የለበትም፤ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ላይ የተቀጠለ የፓውዛ ሽቦ ሙሉ መኪና ሊያቃጥል ይችላል። የፍጥነት መገደቢያን መንቀልም፣ ምንም አዲስ ዕቃ ባይጨመርም፣ ለውጥ ነው።

በውጭ አገር ተደርጎ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ለውጥም አለ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የመንገድ አቅጣጫ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልጓት መሪያቸው በግራ በኩል የሆነ መኪኖች ናቸው። ጃፓን ግን በግራ የምትነዳ አገር በመሆኗ ከዚያ የሚወጡ ያገለገሉ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ በመሆኑም ቪትዝን የመሳሰሉ ብዙ አነስተኛ መኪኖች በዱባይ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ይህ ዝውውር መሪውን ብቻ ሳይሆን የመሪ ማስተላለፊያውን፣ የፍሬኑን ፔዳልና መስመር፣ የሽቦውን ጥቅልና የፊት ሰሌዳውን ሁሉ የሚነካ ነው። መኪናውን በሦስተኛ ወይም በአራተኛ እጅ የገዛ የደሴ ነዋሪ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አለማወቁ በሕጉ ፊት ምን ትርጉም እንዳለው ደግሞ ቀጥሎ የሚታይ ነው።

በኢትዮጵያ የመድን ውልን የሚገዛው ዋናው ሕግ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የነጋዴዎችን፣ የንግድ ማኅበራትንና የኪሣራን ክፍሎች ሲተካ ስለ መድን የሚደነግገውን የቀድሞውን ሦስተኛ መጽሐፍ አልነካውም፤ ስለዚህ በኮምቦልቻ ዛሬ የሚፈረም የመድን ውል የሚመዘነው ከስድሳ ዓመት በላይ በሆነው ሕግ ነው። ይህን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳውያኑ የሕግ ምሁራን ዣን ኤስካራ እና፣ እርሳቸው ሥራውን ሳይጨርሱ በማረፋቸው፣ አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው።

የሕጉ አንቀጽ 667 መድን ገቢው ውል ሲገባ የሚያውቃቸውንና መድን ሰጪው የሚገባበትን ሥጋት በትክክል እንዲመዝን የሚያስችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ በትክክል እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እዚህ ላይ የሚያውቃቸው የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ግዴታው በሰው እውቀት ላይ የተመሠረተ እንጂ መድን ገቢው መኪናውን አስፈትቶ እንዲመረምር የሚጠይቅ አይደለም። መሪው በዱባይ እንደተዛወረ ሳያውቅ ቪትዝ የገዛ ሰው እንደ ደባቂ ሊቆጠር አይገባውም፤ ሻጩ ነግሮት ሳለ በቅጹ ላይ ዝም ያለ ግን በሌላ ቦታ ላይ ቆሟል። አንቀጽ 668 ይህንኑ ልዩነት ይዞ ይቀጥላል፦ አውቆ መደበቅ ወይም ሐሰተኛ ቃል መስጠት፣ የተደበቀው ነገር የመድን ሰጪውን ውሳኔ የሚለውጥ እስከሆነ ድረስ፣ ውሉን ውጤት አልባ የሚያደርግ ሲሆን፣ ያለ ተንኮል የተፈጸመ ስሕተት ወይም መዘንጋት ግን እንደዚያ አይታይም። አንቀጽ 669 በውሉ ዘመን ውስጥ የሚፈጠረውን የሥጋት መጨመር የሚመለከት በመሆኑ ለዚህ ምዕራፍ ከሁሉም ይቀርባል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የመኪና ለውጥ የሚደረገው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። መድን ገቢው ሥጋቱን የሚያሳድግ ለውጥ ሲፈጠር እስከሚቀጥለው እድሳት ሳይቆይ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ሕጉ ይጠይቃል፤ የማሳወቂያው ጊዜ አጭር ስለሆነ መኪናው ከጋራዥ በወጣበት ሳምንት ማሳወቅ ይበጃል።

የዚህ ግዴታ ሥር ከኢትዮጵያ ሕግ በእጅጉ የራቀ ነው። በ1766 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በእንግሊዝ ካርተር እና ቦም በተባለው ክርክር ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ፣ በሱማትራ ደሴት ስለሚገኝ አንድ ምሽግ በተገባ መድን መነሻነት፣ መድን በግምት ላይ የተመሠረተ ውል በመሆኑና ግምቱ የሚቆምባቸው እውነቶች በአብዛኛው በመድን ገቢው እጅ ስለሚገኙ ሁለቱም ወገኖች በፍጹም ቅን ልቦና መገናኘት አለባቸው የሚለውን መርሕ አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በዚያ ክርክር የረታው መድን ገቢው መሆኑ ነው፤ ዳኛው መድን ሰጪው ሊያውቅ የሚገባውን ወይም ቢጠይቅ የሚያገኘውን ነገር አልተነገረኝም ብሎ ማምለጥ እንደማይችል ጭምር ተናግረዋል። እንግሊዝ በዚያው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2012 ባወጣችው ሕግ ከዚህም ርቃ ሄዳ፣ ግለሰብ ሸማች በራሱ አነሳሽነት ሁሉን እንዲዘረዝር መጠየቋን ትታ ለሚቀርብለት ጥያቄ በተገቢ ጥንቃቄ እንዲመልስ ብቻ አደረገች፤ በቸልተኝነት የተሳሳተውንም ሰው ካሣውን በሙሉ ከመንፈግ ይልቅ በተከፈለውና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን መካከል ባለው መጠን መቀነስን መረጠች። በፈረንሳይም ያለ ክፉ ልብ ለተፈጸመ ጉድለት የሚሠራው ይኸው የመመጠን ስሌት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለውጡ ቢነገር ኖሮ አረቦኑ 40,000 ብር ይሆን የነበረ መኪና 30,000 ብር ሲከፈልበት ከቆየ፣ የተከፈለው ሦስት አራተኛው ስለሆነ የ200,000 ብር ጉዳት በ150,000 ብር ይካሳል።

ከዚህ የሚነሣው ተግባራዊ ጥያቄ ለውጥ የሚባለው ምኑ ነው የሚለው ነው። ያረጀ ጎማ በዚያው ልክ ጎማ መተካት፣ የፍሬን ሸራ መቀየር ወይም ሞተር አስወርዶ ማደስ ጥገና እንጂ ለውጥ አይደለም፤ መኪናው ወደ ነበረበት ተመልሷል እንጂ ሌላ አልሆነም። መለኪያው አንድ አስተዋይ መድን ሰጪ ነገሩን ቢያውቅ ኖሮ ውሉን ባልገባ ወይም አረቦኑን ከፍ ባደረገ ነበር ወይ የሚለው ነው። ከባሌስትራ እስከ ወንበር ከላይ የተዘረዘሩት በዚህ መለኪያ አብዛኞቹ ይገባሉ። አገልግሎቱን መቀየርም እንደዚሁ፤ ለረጅም ጊዜ በኮድ 2 ሰሌዳ በሚታወቀው የቤት መኪና ተሳፋሪ በክፍያ ማመላለስ አንድ ብሎን ሳይፈታ የሚደረግ ለውጥ ቢሆንም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይነዳ የነበረውን መኪና ከንጋት እስከ ምሽት መንገድ ላይ ስለሚያውለው ሥጋቱን ከብዙዎቹ የጋራዥ ለውጦች በላይ ያሳድገዋል። በአንጻሩ የስርቆት መከላከያ ደወል ወይም የመኪናውን ሥፍራ የሚያሳይ መሣሪያ መግጠም ሥጋቱን የሚቀንስ በመሆኑ መንገሩ ባለንብረቱን እንጂ ማንንም አይጎዳም።

ያልተነገረ ለውጥ የሚያስከትለው ጉዳት እንደ መድኑ ዓይነት ይለያያል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለተሽከርካሪ እንዲገባው የሚገደድበት የሦስተኛ ወገን መድን ከውሉ ውጭ ያለውን ሰው፣ ለምሳሌ በመንገድ የሚሄድ እግረኛን፣ ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ዓላማው ይህ በመሆኑ ተጎጂው ስለ ባሌስትራው ቅጠል ብዛት የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ሙሉ ዋስትና በሚባለው፣ ማለትም የባለንብረቱን የራሱን መኪና ጉዳት ጭምር በሚሸፍነው ውል ግን፣ ጠያቂው ራሱ መድን ገቢው ስለሆነ የደበቀው ነገር በቀጥታ በእርሱ ላይ ይነሣበታል። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው ካሣም በሕግ ጣሪያ የተበጀለት ስለሆነ ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ባለንብረቱን ይጠብቀዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪን ባለንብረት፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ባለንብረቱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ሾፌሩ በሐረጎ ላይ ለሚያደርሰው አደጋ ተጠያቂ ነው ማለት ነው። የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነ አይሱዙ ተቃጥሎ ካሣው ሲከለከልና በላዩ ላይ የሌላ ሰው ጉዳት ሲጨመርበት የሚደርሰው ውድቀት ከገንዘብ ያለፈ ስለሆነ፣ ይህን ግዴታ እንደ ወረቀት ሥራ ብቻ ማየት ከባድ ስሕተት ነው።

የዋጋው ነገርም ከለውጡ ጋር የተሳሰረ ነው። ባዶ ሻንሲ ገዝቶ በላዩ ላይ የጭነት ሳጥን ወይም ማቀዝቀዣ ያሠራ ሰው መኪናው በውሉ ላይ የሰፈረው በፊተኛው ዋጋ ከሆነ የጨመረው ሁሉ ያለ መድን ይሄዳል። ይህ ብቻም አይደለም፤ ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው በታች መድን ሲገባለት መድን ሰጪው ትንሹን ጉዳት እንኳ የሚክሰው በመጠን ቀንሶ ነው። ዋጋው 2,000,000 ብር የሆነ መኪና በ1,500,000 ብር መድን ከተገባለት፣ 400,000 ብር ለሚያስጠግን ጉዳት የሚከፈለው 300,000 ብር ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ በብር እጅግ ስለተወደደ፣ ምንም ለውጥ ያላደረገ ባለንብረት እንኳ የውሉን ዋጋ መከለስ ያስፈልገዋል።

በደሴና በኮምቦልቻ አንድን ለውጥ ሕጋዊ ለማድረግ የሚጥር ባለንብረት የሚደናገርበት ዋናው ነገር ወረቀቶቹ የተለያዩ መሆናቸው ነው። የባለቤትነት መታወቂያ ደብተሩ፣ ሊብሬው፣ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጥ ሲሆን የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ ቀለሙና የመጫን አቅሙ የሚሰፍርበት ነው፤ የሚገዛውም የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። በየዓመቱ ምርመራውን ላለፈ መኪና የሚሰጠው ቦሎ መኪናው በምርመራው ዕለት ለመንገድ ብቁ እንደነበረ የሚያስረዳ ነው። የመድን ፖሊሲው ደግሞ በባለንብረቱና በኩባንያው መካከል ያለ የግል ውል ነው። ብዙዎች ሞተር ቀይረው ሊብሬው ላይ ካስመዘገቡ ወይም መኪናው ቦሎ ካገኘ ሁሉም ነገር እንዳለቀ አድርገው ያስባሉ። አላለቀም፤ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያወቀውን ኩባንያው አወቀ አይባልም፣ ኩባንያው የተቀበለው ለውጥም በመሥሪያ ቤቱ እንደተፈቀደ አይቆጠርም። እንዲያውም በሊብሬውና በፖሊሲው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥር መለያየቱ ጉዳት ገማቹ መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በባለንብረቱ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ዘመን ብቻውን ሠርቷል፤ በ1986 ዓ.ም. ዘርፉ ለግል ባለሀብቶች ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች ተፈጥረው በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ፤ ከሁሉም ዋስትና ሰፊውን ድርሻ የሚይዝላቸውም የተሽከርካሪ መድን ነው። እንዲህ ሰፊ የሆነ ሥራ የሚካሄድበት የመድን መጠየቂያ ቅጽ በመኪናው ላይ ለውጥ ተደርጓል ወይ ብሎ በጥቅሉ ከሚጠይቅ ይልቅ ባሌስትራ ተጨምሯል ወይ፣ ስፖንዳ ከፍ ብሏል ወይ፣ የጭስ ማውጫው ፍሬን ይሠራል ወይ ብሎ አንድ በአንድ ቢጠይቅ፣ ያም ባለንብረቱ በሚያነበው አማርኛ ቢሆን፣ ብዙ ክርክር ከመነሻው ይቀር ነበር። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚዘጋጀውን የውል ሰነድ የኮምቦልቻ አይሱዙ ባለቤት አንብቦ ግዴታውን ይረዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ በቅርንጫፉ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ወይም ደላላው በቃል ያስረዳው እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው። ኩባንያው መኪናውን አስቀርቦ ዓይቶና ፎቶ አንሥቶ ውል ከገባ በኋላ በግልጽ ይታይ ስለነበረ ስፖንዳ አላውቅም ማለቱም ከቅን ልቦና ጋር አይሄድም።

ማሳወቁ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ባለንብረቱ የፖሊሲ ቁጥሩንና የሰሌዳ ቁጥሩን ጠቅሶ ምን እንደተለወጠ፣ መቼና በየትኛው ጋራዥ እንደተሠራ፣ ስንት እንደወጣበት የሚገልጽ ደብዳቤ ከጋራዡ ደረሰኝና ከፎቶግራፍ ጋር ውሉን ለፈረመበት ቅርንጫፍ ያስገባል፤ በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ማኅተምና ቀን ያስመታል። በስልክ ወይም ለደላላው በቃል መናገር፣ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ከዓመት በኋላ ለማስረጃ አይበቃም። ኩባንያው መኪናውን መርምሮ ለውጡን ሊቀበለው፣ ተጨማሪ አረቦን ሊጠይቅበት፣ አንዳንዱን እንዲነሣ በማድረግ ሊስማማ ወይም አልሸፍንም ሊል ይችላል። የተቀበለው እንደሆነ ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ የማሻሻያ ሰነድ ይሰጣል፤ ለውጡ የተሸፈነው በዚህ ሰነድ ላይ ከሰፈረው ቀን ጀምሮ ስለሆነ ሰነዱ እስኪደርስ ድረስ መኪናውን በአዲሱ ጭነት ወደ ሐረጎ መላክ አይገባም። ኩባንያው አልሸፍንም ቢል እንኳ ባለንብረቱ አላተረፈም አይባልም፤ መኪናው ያለ ዋስትና እየሄደ መሆኑን አስቀድሞ አውቆ ባሌስትራውን ወደ ነበረበት መመለስ ወይም ሌላ መድን ሰጪ መጠየቅ ይችላል።

መኪናው በሚሸጥበት ጊዜ ይህ ሁሉ እንደገና ይነሣል። በደሴ ገበያ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙንና የሞተሩን ድምፅ አጥብቆ ሲመረምር በሊብሬው ላይ የሰፈረውን የመጫን አቅም በፊቱ ካለው ስፖንዳ ጋር ማስተያየቱን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሻጩ ያስገባቸው ደብዳቤዎችና ያገኛቸው የማሻሻያ ሰነዶች ከመኪናው ጋር ለገዢው ሊተላለፉ ይገባል፤ ገዢውም የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንቀጽ 667 የራሱ ግዴታ ስለሚሆን፣ በስሙ አዲስ ውል ሲፈርም ለውጦቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅጹ ላይ ያሰፍራቸዋል።